ሻንጣ ተሸካሚው ስም ስላገኘ ለተሰበረው መንጋጋ

ለክቡር አቶ አማኑ፣ በሰበታ የሠፈራችን ፊልም አዳራሽ ኃላፊ

ክቡር ሆይ፣ ሰላምታዬ ከነሙሉ አክብሮቱ ይድረስዎ። ጤናዎን፣ በተለይም የጥርስዎንና የመንጋጋዎን ጤና ፈጣሪ እንዲጠብቅልዎ እመኛለሁ፤ ይህ ጤና ከእኛ ቤት ካለፈው ቅዳሜ ወዲህ ጠፍቷል። ገበያው ዳር ጨርቅ የምሸጠው ሬሐና ነኝ፣ የፊልም ተርጓሚዎ የየህያ እህት።

አንደኛ፣ እናቶቻችን ሳይዳሩ በአውሮፓ የተሠሩ የፍቅር ፊልሞችን ስለሚያሳዩን እናመሰግናለን። በዚያ አገር የሚያፈቅረው ሀብታም ብቻ እንደሆነ፣ ደሃው በር እንደሚከፍት፣ ጥቁር ሰው ደግሞ ሻንጣ ሊሸከም ብቅ ብሎ እንደሚጠፋ ተምረናል። እርስዎም ሰሌዳው ላይ «የጨዋ ፍቅር» ብለው ስለጻፉልን ትምህርቱ ተሟልቷል።

ሁለተኛ፣ የህያ ፊልሙ ከሚታይበት መጋረጃ አጠገብ ማይክ ይዞ እንደ ልማዱ ለተዋንያኑ የሠፈር ስም እያወጣ ሲተረጉም ለዓመታት ስለታገሡት እናመሰግናለን። ሙሽራዋ አትክልት፣ ሙሽራው ተድላ ሲባሉ እርስዎም ይስቁ ነበር። ጥፋቱ የተፈጸመው ባለፈው ቅዳሜ፣ የክብር እንግዶችዎ ፊት ለፊት ተቀምጠው ሳለ ነው፤ ወንድሜ ለጥቁሩ የሆቴል ሻንጣ ተሸካሚም ስም አወጣለት። ኦቦ ዳና አለው፣ የሚወዳት ሚስትም ሰጠው። ሙሽራው ሻንጣዬን ውሃ አስነካህ ብሎ በጥፊ ሲያጮለው ፊልሙ እንድንስቅ ሙዚቃ ለቀቀልን። የህያ ግን በኦቦ ዳና ድምፅ፣ በኦሮምኛም በአማርኛም፣ «ሁለቱም እጆቼ በእሱ ሻንጣ ተይዘው ሳለ ነው የመታኝ» አለ። ማንም አልሳቀም። አዴ ገለቴ፣ ጎረቤታችን፣ አለቀሱ።

ሦስተኛ፣ ፊልሙን አበላሸ ብለው ጥበቃዎችዎን ስለላኩበት እናመሰግናለን። አንዱ ግራ እጁን፣ አንዱ ቀኝ እጁን ያዘ፤ ሌላው አፉን በዱላ መታው። ደሙ መጋረጃው ላይ ተረጨ። ፊልሙ አልቆመም፤ ሙሽሮቹ የወንድሜ ደም ላይ ተሳሳሙ፣ እርስዎም እንግዶችዎን ይቅርታ ጠየቁ። መንጋጋው ሁለት ቦታ ተሰብሮ በሽቦ ታስሯል። ንግግሩ እንደ ቀድሞው ይጠራ እንደሆነ ሐኪሙም አያውቅም፤ እንጀራው ደግሞ ንግግሩ ነበር። ክቡር ሆይ፣ ደሜ ፈልቷል፤ ይህን ደብዳቤ በጨዋነት ለመጨረስ እየታገልኩ ነው።

የምለምንዎ ጥቂት ነው። ጥበቃዎቹን ለፖሊስ ያስረክቡ፤ ማን እንዳዘዛቸውም እርስዎ ራስዎ እዚያው ይናገሩ። መንጋጋዎ ደህና ስለሆነ አይከብድዎትም።

ለዱላዎ የሚገባውን ክብር ሁሉ እየሰጠሁ፣ ከወንድሜ አልጋ አጠገብ ሆኜ፣
ትሑት ተመልካችዎ ሬሐና

ማስታወሻ፦ ትናንት ያንኑ ፊልም ያለ ተርጓሚ ስላሳዩን ደግሞ አመሰግናለሁ። ሻንጣ ተሸካሚው ብቅ ሲል አዳራሹ በሙሉ ተነስቶ «ኦቦ ዳና» ብሎ ሲጠራው፣ ጥበቃዎችዎ ማንን እንደሚመቱ ግራ ገብቷቸው ወደ እርስዎ ሲያዩ አይቻለሁ። ለመጪው ቅዳሜ ዱላ ቢያስጨምሩ ይሻላል። ማናችንም ሻንጣ አልያዝንም።