የቀጭኔ ፀጉር

ጥቅምት 4
ታናሽ እህቴ ቀጭኔ ከሩጫ ታገደች።

ጥቅምት 5
የውበት ሳሎኔን እንደ ወትሮው ከፈትኩ። አንድ ቀለም፣ ሁለት ካስክ። ደንበኞቼ ሬዲዮ ሰምተዋል... በመስታወቱ ያዩኛል። በሐምሌው ውድድር በሰጠችው ሽንት አበረታች መድኃኒት ተገኘ ነው የሚለው። ትንሽ፣ ግን ተገኘ።
ማታ ጠየቅኳት። "አንቺን ይንሳኝ እታለም፣ እያወቅኩ አልወሰድኩም።" ጂም ውስጥ አንድ ቀን የጠጣችው ዱቄት አለ። ከሱ ይሆን?
አመንኳት።

ጥቅምት 11
ነገ የፀረ አበረታች መድኃኒት ኮሚቴው ፊት ትቀርባለች። ፀጉሯ የወፍ ጎጆ መስሏል። "እንዲህ ሆነሽማ አትሄጂም። ሌባ ነው የምትመስይው።" በሩን ዘግቼ ማለስለሻ ክሬም ከሥር እስከ ጫፍ ቀባኋት፣ አጠብኩ፣ እስኪደርቅ ካስክ ውስጥ አስቀመጥኳት። ቀሚስ ስለምትለብስ የእግሯንም ፀጉር በሰም አነሳሁላት። የብብቷንም።
"ሙሽራ አስመሰልሽኝ እኮ!"
ደስ አለኝ።

ጥቅምት 12
ቀጠሮ ሰጡ። የሚጠይቁት የአራት ዓመት እገዳ ነው። አሁን ሃያ ዘጠኝ ናት... ከዚያ በኋላ ማን ያስሮጣታል?
ጠበቃዋ ግን አንድ መንገድ አለ አለ። ፀጉር። በወር አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ያድጋል፣ የተዋጠውን ይዞ ይቆያል። ደጋግማ ወስዳ ከሆነ በየወሩ ቦታ ይታያል። ንጹሕ ከሆነ ግን "አንድ ቀን፣ ሳላውቅ" ያለችው ይታመናል፣ ቅጣቱም ይቀላል።
"እንኳን ፀጉረ ረጅም ሆነች" አለ።

ጥቅምት 16
ላቦራቶሪ። ነጭ ጋውን የለበሰች ሴት ከኋላ፣ ከሥሩ አስጠግታ ቆረጠች። በክር አሰረችው። ከዚያ በጣቷ ዳሰሰችው።
"ክሬም ነክቶታል?"
"ባለፈው ሳምንት" አልኩ። "እኔ ነኝ የሠራኋት።"
መቀሱን አስቀመጠች። ክሬሙ የመድኃኒት ርዝራዥ ካለ ያጥበዋል። ንጹሕ ቢወጣም ማንም አያምንም አለች።
"አዲስ እስኪበቅል ብንጠብቅስ?"
"አዲሱ የሚናገረው ስለ አዲሱ ወር ነው። የሚፈለገው የሐምሌው። የሌላ ቦታ ፀጉርስ? የእግር፣ የብብት?"
ቀጭኔ ሳቀች። በስንት ቀኗ! "እሱንም እሷው ናት የነቀለችው።"
ሴትዮዋ አልሳቀችም።

ኅዳር 20
ጠበቃው ደወለ። ፀጉሩ ንጹሕ ነው። ኮሚቴው አልተቀበለውም። አራት ዓመት።
"እውነቱን ልንገርዎ? ባናስመረምር ይሻል ነበር። ማስረጃ ልታጠፋ ነው የተሠራችው ብለዋል።"
ስልኩን ማን ዘጋው? እኔ መሰለኝ።
ለቀጭኔ ነገርኳት። "እሺ" አለች። አንቺ ነሽ አላለችኝም። ብትለኝ ይሻለኝ ነበር።

ኅዳር 21
አልከፈትኩም።

ታኅሣሥ 3
የምትሮጥለት ክለብ የካምፕ ክፍሏን ልቀቁ አለ። እሷ ከአልጋ አልወርድም ስላለች እኔ ሄድኩ። የዕቃ ክፍሉ ሰውዬ በር ላይ ቆሞ ያየኛል። "ቱታው የክለቡ ነው እህቴ፣ እሱን ተዪው። ጫማውን... በቃ ውሰጂው።"
ልብሷን በሻንጣ እየከተትኩ አብራት የምታድረው ልጅ ከልምምድ ገባች። በላብ እንደራሰች አቅፋ ሳመችኝ። እንዴት ናት አለች። ደህና ናት አልኩ። ምን ልበል?
"እትዬ፣ ቅዳሜ የቡድን ፎቶ አለን። እንደሷ አርገሽ ትሠሪኛለሽ? ኮሚቴው ጋ የሄደች ቀን በቴሌቪዥን አየናት... እንዴት አምሮባት ነበር!"
ሻንጣው ግማሽ ነው። መሳቢያውን ገና አልከፈትኩትም። በሩን ሳልፍ ሰውዬው "ኧረ ዕቃሽ!" እያለ ተጣራ።
ጥዬው ወጣሁ።