በመጋረጃው ሥር የገባው እግር

ለማንም ያልነገርኩትን በዚህ ክፍት ካርድ ልጻፍልሽ። ወንድምሽ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ተረከዙ ተሰነጣጥቆ «እንሶስላሽን ቀቢኝ» ሲለኝ «ባሌ ደግሞ ሴት ሆነ እንዴ?» ብዬ ስቄበት ነበር። ሁለተኛ አልጠየቀኝም።

ዛሬ ድሬዳዋ ውስጥ ዚነት የምትባል ሴት ሂና፣ የዚህን አገር እንሶስላ፣ ከምትቀባበት ቤት ተቀምጬ ሳለ አንድ የባቡር ሠራተኛ መጣ።

«ወንድ አይገባም፤ ፀጉራችን ተገልጧል!» አለችው ዚነት።

«እኔ መች እገባለሁ? ተረከዜ ተሰነጠቀ፤ እግሬ ብቻ ይግባ።»

«እግርህስ ወንድ አይደለም?»

ቤቱ በሳቅ ተሞላ። እሱ ግን እግሩን በመጋረጃው ሥር ሰደደ። እዚህ ሽማግሌዎች ጢማቸውን በሂና ያቀላሉ፤ ታዲያ ተረከዝ ምን አጠፋ? ማንም እግሩን አልነካም ሲል የሂናውን ሳህን አንስቼ እኔ ቀባሁት።

ቀለሙ ከጣቴ ሳይለቅ እመጣለሁ፤ ከተቀየምሽኝ ያኔ ንገሪኝ። ልጆቹን ሳሚልኝ። ይህ ካርድ ለባሌ እህት፣ ለትርንጎ ይድረስ።