ውሃውን ያበላሸው የኔ እጅ አይደለም

ለእታለሜ፣ ለእናቴ ልጅ፤

እንዴት ነሽልኝ? ጉልበትሽስ ተሻለሽ ወይስ ዛሬም ደረጃ ስትወጪ «እግዚኦ» ያሰኝሻል? ባለቤትሽን ሳሉ ለቀቀው? ትንሿ ልጅሽስ የምትነቃነቀውን ጥርሷን አስነቀለች? እኔ አምላክ ይመስገን ደህና ነኝ፤ ንዴት ነው የሚገድለኝ። ፊደሌ ቢንጋደድ በብስጭት እየጻፍኩ ነው እንጂ ረስቼው አይደለም።

ሚስቴ ካረፈች ወዲህ የምሠራበትን ቦታ ታውቂዋለሽ። ውሃን በኤሌክትሪክ ሰንጥቆ ሃይድሮጅን የሚሉትን ጭስ አልባ ነዳጅ የሚያወጣ ማሽን ይሞክሩበታል። በበርሜል የሚመጣለትን የተጣራ ውሃ የምሞላው እኔ ነኝ። ማሽኑ መሃል እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ ነገር አለ፣ ሜምብሬን ይሉታል። ከውጭ አገር የሚመጣው ዋጋው አይቀመስም። መነጽሯ የምንላት ኢንጂነር ርካሹን በገዛ እጇ ሠራች፤ ግን በሁለት ሳምንቱ ይበሳል። አንዴ አይደለም፣ ሦስቴ።

ሦስተኛው ሲበሳ ኃላፊው ሠራተኛውን ሁሉ ሰብስቦ ምን ቢል ጥሩ ነው? «ሽማግሌው የቧንቧ ውሃ እየሞላበት ነው። ማንበብ ለማይችል ሰው ውሃውን ማን አደራ ሰጠው?» እኔን! አርባ ዓመት የመኪና ባትሪ ስሞላ የኖርኩትን! የቧንቧ ውሃ የገባበት ባትሪ በአጭር እንደሚቀጭ እሱ ጡት ሳይጥል አውቃለሁ። የበርሜሉንም ጽሑፍ ፊደል እየቆጠርኩ አነበዋለሁ፤ ብዘገይ እንጂ አልሳሳትም። መነጽሯ ብቻ «አባባ አያደርጉትም» ብትል፣ «አንቺ ለሜምብሬንሽ ተጨነቂ» ብሎ አፏን አስያዛት።

«ይብቃህ ጋሼ፣ እኛ ጋ ና» ያልሽኝ ትዝ አለኝ። ግን ስሜን ጭቃ ላይ ጥዬ የት እሄዳለሁ? ባትሪ ቤት እንደለመድኩት በሁለት ነጭ ሳህን ውሃ ቀዳሁ፤ አንዱን ከበርሜሉ፣ አንዱን ማሽኑ ከሚጠጣበት የቱቦ ጫፍ። መስኮት ላይ ፀሐይ አደረቃቸው። የበርሜሉ ሳህን ንጹሕ ነው፤ የጫፉ ግን ቡናማ ቀለበት ሠራ። ዝገት! በመሃል ያለችውን የብረት መገጣጠሚያ ያስገባት ማን መሰለሽ? ኃላፊው ራሱ፣ «ፕላስቲኩ አያምርም» ብሎ። ሳህኖቹን ለመነጽሯ አሳየኋት። በመሣሪያዋ ለክታ፣ ሜምብሬኑን የሚመርዘው ብረቱ መሆኑን አረጋገጠችና ያንኑ ቀን አስነቀለችው።

አዲሱ ሜምብሬን ይኸው ስልሳ ሦስት ቀኑ ነው፣ እንከን የለውም። ኃላፊው ሁለት ወር ሙሉ አንገቱን ሰብሮ ሲያልፈኝ ከርሞ ትናንት ዕቃ ግምጃ ቤት ጠርቶኝ «አባባ፣ ይቅር ይበሉኝ» አለኝ። ከመጥረጊያና ከባልዲ በቀር ማንም በሌለበት! «የሰደብከኝ በሰው ፊት ነው፤ ይቅርታውም እዚያው ይሁን» ብዬው ወጣሁ። ሰኞ ስብሰባ አለ። ሳህኖቹን እስከ ዛሬ አላጠብኳቸውም፤ ይዣቸው ገብቼ ፊት ለፊቱ እቀመጣለሁ። ስለዚህ አልጋ አታንጥፊልኝ፣ አልመጣም።

ባለቤትሽን ማር ይላስ በይልኝ። ትልቁ ልጅሽ ደብዳቤዬን ሲያነብልሽ በፊደሌ እንዳይስቅ፣ እሱንም ሰላም ብያለሁ። ትንሿን ጥርስ ያለበትንም የሌለበትንም ጉንጯን ሳሚልኝ።

እልኸኛው ወንድምሽ
ከውሃ በርሜሎቹ አጠገብ፣ ቅዳሜ፣ የካቲት 14 ቀን