ሰሌዳውን ማን ይያዝልኝ

ጥቅምት 4
የጎረቤቴ ጉልበት ዛሬም አብጧል። ልጇ በሰላም ተገላግላለች፣ ሕፃኗ ሴት ናት። የጎረቤቴ ባል ግን እንደተኮሳተረ ነው... ሥራ ከፈታ ሁለት ዓመቱ፣ ምን ያርግ?

እንዲያም ሆኖ ጎረቤቴ ከኔ ጋር ገደሉ ድረስ ወጣች። እኔና እሷ የዱር እንስሳት ቢሮ ጽዳት ብንሆንም ነብሯን ለማንሳት እዚያ የተተከለውን ካሜራ የምንከታተለው እኛው ነን። እኔ ባትሪ እቀይራለሁ፣ እሷ ቀን የተጻፈበትን ሰሌዳ ይዛ ፊቱ ትቆማለች። ባትሪው ሲወጣ ካሜራው ቀኑን ይረሳል፤ ያለ ሰሌዳው ፎቶው ማስረጃ አይሆንም።

"ለጉርድ ፎቶ እንኳ እንዲህ ቀጥ ብዬ ቆሜ አላውቅም" ትላለች። ሆዴን እስኪያመኝ ሳቅሁ።

ስንወርድ ከነብሯ ዱካ አጠገብ ትንንሽ ዱካ አየን። ልጆቿ ይሆኑ?

ጥቅምት 19
የማዕድን ድርጅቱ ሰዎች ስብሰባ ጠሩ። ገደሉን ሊቆፍሩት ነው። ነብር እንዳለች የሚያሳይ፣ ቀኑ የታወቀ አዲስ ፎቶ በአንድ ወር ውስጥ ከቀረበ ብቻ ቁፋሮው ይቀራል። የጎረቤቴ ባል ለድርጅቱ የዘበኛ ሥራ ተመዝግቧል። ማን ያልተመዘገበ አለ?

ስንመለስ ጎረቤቴ ክንዴን ለቀቀች። "እታለም፣ አውሬ ከባሌ በለጠብሽ?"

"ልጆች ሳይኖሯት አይቀርም እኮ..." አልኳት። ምን የሚሉት መልስ ነው?

ጥቅምት 27
ማንም አልመጣም። ራዲዮኑን ከፍቼ ለዜና አንባቢው መልስ ስሰጥ ዋልኩ።

ኅዳር 2
በማለዳ ብቻዬን ወጣሁ። የማወራው ሰው የለ፣ መንገዱ ረዘመብኝ። ባትሪውን ቀየርኩ፣ እየተንሸራተትኩ ወረድኩ። ሰሌዳውን በብብቴ ይዤ ስመለስ ጎረቤቴ በሯ ላይ ቆማለች። ሰላም አላለችኝም። ሰሌዳውን አየችው፣ እኔን አየችኝ፣ ገባች። ይሁን...

ኅዳር 17
ትናንት ታዛቢዎች ካሜራውን አውርደው አሸጉት። ከነገ ወዲያ በሁሉም ፊት ይከፈታል።

ዛሬ ቢሮ ስጠርግ ሰሌዳውን አነሳሁት። ንጹሕ! ጠመኔ አልነካውም። ቀን ሳልጽፍ፣ ፊቱ ሳልቆም ነው ለካ የወረድኩት... ሁሌ የምትይዘው እሷ ነበረች። ለኃላፊው ነገርኩት። ጭንቅላቱን ያዘ። "ወይኔ፣ ባለቀ ሰዓት!"



ኅዳር 19
ተከፈተ። የመጀመሪያው ፎቶ የኔ ጀርባ። ቀጥሎ... እሷ! ጎረቤቴ! የካርቶን ቁራጭ ይዛ፣ በከሰል "ኅዳር 2" ተጽፎበታል። በሌላ እጇ ጉልበቷን ደግፋለች። ያኔ በሯ ላይ ቆማ ያየችው ባዶ ሰሌዳ ገብቷት ኖሯል። ያን ዳገት ለብቻዋ...

ከዚያ ነብሯ። ከኋላዋ ሁለት ግልገሎች።

ታዛቢው "ቀኑ አለ" አለ። ገደሉ አይቆፈርም። ባልየው የሚስቱን ፎቶ አይቶ ወንበሩን ገፍቶ ወጣ። እኔም ማንም ሰላም ሳይለኝ ቤቴ ገባሁ።

ኅዳር 23
የጎረቤቴ ልጅ ሕፃኗን አቅፋ መጣች። ግቢ ብላት በሩ ላይ ቀረች።

"እትዬ፣ እማዬ ናት የላከችኝ። ለጊዜው እንዳይመጡ ብላለች። አባዬ ንዴቱ አልበረደለትም።"

"ጉልበቷስ?"

"አብጧል።"

አጥሩ ጋ ደርሳ ተመለሰች። "ደሞ... የነብሯ ልጆች ስንት ናቸው ብለሽ ጠይቂልኝ ብላለች።"

"ሁለት ናቸው በያት።"