በፈላ ውሃ የተነከረው ላባ

ቅዳሜ፣ ጥቅምት ፲፰ ቀን ፲፱፻፵፰ ዓ.ም.

ዛሬ የሚስቴ የወለተ ማርያም ሙት ዓመት ነበር። በዚህ ቀን መቆጣት አልነበረብኝም፤ ግን ተቆጣሁ፣ እስካሁንም አልበረደልኝም።

እርሷ ካሳደገቻቸው የቱርክ ዶሮዎች የቀረውን አንዱን ጠዋት አረድሁት። ለእኅቷ ለጥሩወርቅ፣ «ክንፉንና ጅራቱን በደረቁ የምነጨው እኔ ነኝ፤ እስክመለስ ውሃ እንዳይነካው» ብዬ ለፍትሐቱ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄድሁ። ገብሱ ደርሷል፤ ዝንጀሮ ከገደሉ እየወጣ ይጨርሰዋል። ጠመንጃ የለኝም፤ ያለኝ ቀስት ነው፤ ላባ የሌለው ፍላጻ ደግሞ ቀጥ ብሎ አይሄድም።

ስመለስ ዶሮው እንዳለ በፈላ ውሃ ተነክሯል። ላባው ተጨማትሯል።

«ምነው ጥሩወርቅ! አልነገርሁሽም?»

«አያ ደስታ፣ በፈላ ውሃ ያልተነጨ ዶሮ ለቄስ ላቅርብ? ደግሞስ ሰው ሁሉ ጠመንጃ ይዞ አንቱ እንደ ልጅ ቀስት!»

ከፍትሐቱ አብረውኝ በመጡት ካህናት ፊት ጮህሁባት። «ይህ ቤት የእኅትሽ እንጂ ያንቺ አይደለም» አልኋት።

የተናደድሁት ስለ ላባው ነው፣ ወይስ ሚስቴ ብትኖር ሳልነግራት ታውቀው ስለነበር? እግዚአብሔር ያውቃል። ነገ ቅዳሴ አለ፤ ሳልታረቃት እንዴት እቆማለሁ?

አሁን ምድጃው ዳር ተቀምጣ ላባውን አንድ በአንድ በነጠላዋ ታደርቃለች። የግራውን ክንፍ ከቀኙ ቀላቅላዋለች። ባንድ ፍላጻ ላይ የሁለት ክንፍ ላባ አይሰካም። ይህንንም ልነግራት አፌን ከፍቼ ዘጋሁት።