ትንሹን ቴሌቪዥን ስለ መግዛቴ

ቢቸና፤ ግንቦት 6 ቀን 2008 ዓ.ም.

ለምወድህ ልጄ ለታደለ
ጅዳ

እንደምን ሰነበትክ፣ ሆዴ? ሙቀቱስ እንዴት አደረገህ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከዓይኔ በቀር ደህና ነኝ። ይህን በስልክ ልነግርህ አስቤ ነበር፤ ግን አንተም ታለቅሳለህ፣ እኔም አለቅሳለሁ፣ መስመሩ ይቆረጥና ሳንነጋገር እንቀራለን። ባንቺዓለም ዘመድ ጠይቃ ወደዚያው ልትመለስ ስለሆነ በእሷ እጅ ልኬልሃለሁ።

ቴሌቪዥኑን ገዛሁ። አትቆጣ፣ የገዛሁት ትንሹን ነው። «እማዬ፣ ከሁሉ ትልቁን ግዢ፣ ዓይንሽን እንዳያደክምሽ» ማለትህን አልረሳሁም። ለምን እንዳላደረግሁት ልንገርህ።

እህትህን ትህትናን በወሊድ ካጣናት ወዲህ ዓይኔ ሲደክም መንደሩ ሁሉ «የሐዘን ዓይን ነው፣ እንባሽን ከገታሽ ይገለጥልሻል» አለኝ። እኔም አምኜ ተቀመጥኩ። ሐኪሙ ግን ግላኮማ ነው፣ ዘግይተሻል አለኝ። አሁን ዳር ዳሩ ጨልሟል፤ መሐሉን ብቻ በቁልፍ ቀዳዳ እንደሚያጮልቅ ሰው ነው የማየው። እሱም እየጠበበ ይሄዳል፣ የጠፋው አይመለስም ብሎኛል።

ታዲያ እኔ ምን እፈልጋለሁ? ልጄን ማየት ነዋ! ሳይዘጋብኝ የትህትናን ፊት እስኪበቃኝ ማየት። የሰርጓ ሲዲ ሞጣ ባሏ ሰማው ዘንድ ነበርና፣ በደብረ ወርቅ በኩል በሚኒባስ ሄድኩ። ሰማው፣ እግዜር ይስጠው፣ ሲዲውን ይዞ አካለ ወልድ የሚባል ነጋዴ ሱቅ ወሰደኝ።

አካለ ወልድ «እማማ፣ ዓይኑ ለደከመ ሰው ትልቅ ነው» ብሎ ሲዲውን ግድግዳ በሚያክለው ላይ ከፈተው። ወይ ጉዴ! ልጄ ተቆራርጣ መጣችብኝ። ዓይኗን ሳገኝ አፏ የለም፣ አፏን ስፈልግ ቬሎዋ። «ራቅ ይበሉ» አለኝ። ወንበሬን ወደ ኋላ ጎተትኩ፤ አሁንም ጎተትኩ። በመጨረሻ ቴሌቪዥኑ ሱቅ ውስጥ፣ እኔ አስፋልቱ ጠርዝ ላይ ሆንን። አንድ የባጃጅ ሾፌር ጥሩንባውን አንባረቀብኝ። «ምን ታንባርቅብኛለህ? ልጄን እያየሁ ነው!» አልኩት። ሰው ሁሉ ሳቀ፤ ሰማው ግን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ።

ፊቷ የሞላልኝ እዚያ ውጭ ሆኜ ነው። የእኛን ቤት ግን ታውቀው የለ? አልጋና መደብ ነው፣ ወዴት ልራቅ? «ያችን ትንሿን ክፈትልኝ» አልኩት። «ኧረ እማማ፣ እሷማ ለዘበኛ ቤት የምትሆን ናት!» አለኝ። ሰማው የቤታችንን ስፋት ስለሚያውቅ ወንበሬን በዚያው ልክ አስቀመጠልኝ። ሲከፈት ከግንባሯ እስከ አገጯ፣ ያ ፍንጭት ጥርሷ ሳይቀር፣ ሙሉ ፊቷ ገባልኝ። «ትህትናዬ!» ብዬ ሱቁን በጩኸት ሞላሁት። አላፈርኩም።

የንስሐ አባታችን አባ ገብረ ማርያም፣ ሙት ዓመቷ ካለፈ ወዲያ እንዲህ ማልቀስ ነፍሷን ያስጨንቃታል ብለው ተቆጡኝ። እሺ አባቴ አልኩና፣ ከበሩ ከመውጣታቸው ቴሌቪዥኑን ከፈትኩት። ምን ላድርግ፣ አንጀቴ እምቢ አለኝ።

አንድ ነገር ግን አለ። ሲዲው ላይ አንተም አለህ። ሳትሄድ ነው፣ ከእሷ ጎን ሆነህ እስክስታ ትወርዳለህ። ሁለታችሁን ግን አንድ ላይ ማየት አልቻልኩም። ወደ በሩ ሸሸት ስል ትገባላችሁ፣ ግን ትደቁብኝና ማን ማን እንደሆነ አይለየኝም። ቀረብ ስል እሷን ሳይ አንተ ትጠፋለህ፣ አንተን ሳይ እሷ ትጠፋለች። ከአንዳችሁ ወደ አንዳችሁ ስል ዘፈኑ ያልቃል። እናት ከልጆቿ አንዱን ምረጪ ትባላለች እንዴ? በየቀኑ እየመረጥኩ ነው፣ ልጄ፣ ደከመኝ።

«አሠሪዎቼ ፈቃድ ከልክለውኝ ነው፣ ለከርሞ እመጣለሁ» ትላለህ። ከርሞን እኔ እንጃ። ና ልጄ። አንተ ከመጣህ ፊትህን በእጄ ዳብሼ አውቀዋለሁ፣ ላንተ ዓይን አያስፈልገኝም። የቀረችኝን ብርሃን ለእሷ አደርጋታለሁ፤ እሷን መዳበስ አልችልማ።

የቢቸናው ጊዮርጊስ በወጣህ በገባህ ይከተልህ፤ ክፉ ሰው አያገናኝህ።

እናትህ ይርጋነሽ