«ሙሉ በሙሉ ድነዋል» ተብለው ስለተሸኙት አባቴ

ለተከበሩ የሆስፒታሉ ሥራ አስኪያጅ፣
ስሙን ለክብሩ ስል ወደማልጠቅሰው ሆስፒታል

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላህ። ይህ ደብዳቤ ሲደርስዎ እርስዎም፣ ቤተሰብዎም፣ በተለይም ልብዎ በሙሉ ጤንነት ላይ እንዲገኙ ከመካነ ሰላም ምኞቴን አቀርባለሁ። ለሁሉም ግልጽ አድርጌ የጻፍኩት እርስዎን ለማሳፈር አይደለም፤ ከዚህ ቀደም በእጄ ያስገባኋቸው ሁለት ማመልከቻዎች ማንም እንዳይነካቸው ተደርገው በምን ያህል ጥንቃቄ እንደተቀመጡ ስለማውቅ፣ ሦስተኛውን ከዚያ ጥንቃቄ ለማትረፍ ብዬ ነው።

ፈውዚያ ሷሊህ እባላለሁ፤ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህርት ነኝ። አባቴ ሸህ ሷሊህ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ልጆችን ቁርኣን ያቀሩ፣ በሰፈራችን መስጊድም ከፊት ቆመው የሚያሰግዱ ሰው ናቸው። ባለፈው ኅዳር በቀትሩ የዙህር ሶላት ላይ ግንባራቸውን ለሱጁድ መሬት እንዳስነኩ ልባቸው ተመታ። ከኢማሙ ቀድሞ ቀና ማለት ስለማይገባ፣ ከኋላቸው የነበረው ጀመዓ ሁሉ ሸሁ ዱዓ አርዝመው ነው ብሎ በግንባሩ እንደተደፋ በጸጥታ ጠበቃቸው። በመጨረሻ አዛን የሚጠራው ሙአዚን ጀብሪል ቀና ብሎ አያቸውና ጮኸ። እናንተም ተቀብላችሁ የተዘጋውን የደም ሥር ከፈታችሁ፤ ነፍሳቸውን አተረፋችሁ። ለዚህ የማቀርበው ምስጋና ሽሙጥ የለበትም። ቀጥሎ ያለውን ምስጋና ግን እንደሚገባው አድርገው ይቀበሉልኝ።

፩. በመውጫቸው ቀን ስለሰጣችኋቸው ባለማኅተም ወረቀት እናመሰግናለን። «ሙሉ በሙሉ ድነዋል፤ ወደ መደበኛ ሥራቸው መመለስ ይችላሉ» ይላል። አባቴ ዛሬ ለሱጁድ ሊጎነበሱ ሲሉ ላብ ያጠምቃቸዋል፣ ያ ጸጥታ ተመልሶ ይመጣባቸዋል፤ «ሰዉ ሁሉ አጠገቤ ነበር፣ ማንም አላወቀልኝም» ይላሉ። የታመመ ሰው ተቀምጦ መስገድ እንደተፈቀደለት ለስንቱ ያስተማሩ ሰው ናቸውና ወንበር አቀረብንላቸው። ወረቀታችሁን ከኪሳቸው አውጥተው «ሐኪም ጤነኛ ነህ ብሎ ማኅተም ከመታልኝ በምን ዑዝር፣ በምን ምክንያት ልቀመጥ?» አሉን። ጎንበስ ማለት አልቻሉም፣ መቀመጥ ደግሞ አልተፈቀደልኝም አሉ፤ ስለዚህ መስጊድ መሄድ ተዉ። ቁርኣን የሚቀሩላቸው ደረሳዎችም ተበተኑ። አንድ መስመር ጽሑፍ ይህን ያህል ሥራ ሲሠራ አይቼ አላውቅም።

፪. ለአልጋ አጠቃቀማችሁ ቅልጥፍናም አድናቆቴ ይድረሳችሁ። ከአባቴ ጎን ተኝተው የነበሩት የደጎሎው እህል ነጋዴ አቶ አስናቀው በጠራራ ቀን፣ መጋረጃ እንኳ ሳይጋረድ፣ የልብ መከታተያው መሣሪያ እየጮኸ ሕይወታቸው ሲያልፍ አባቴ ከክንድ በማይበልጥ ርቀት ላይ ሆነው አይተዋል። አንሶላው ተቀይሮ ሌላ ታማሚ ለመተኛት ሩብ ሰዓት አልፈጀም። እህቴ አሚራ ከጅዳ የላከችላቸው የደም ግፊት መለኪያም ለክፋቱ እንደዚያው ይጮኻል። በቀን ሃያ ጊዜ ይለካሉ፤ በጮኸ ቁጥር «አስናቀውን ጥሩልኝ» ይላሉ። በምክር ወረቀታችሁ ላይ ሰባተኛው ተራ ቁጥር «ጭንቀትን ያስወግዱ» ስለሚል የት እንደሚወገድ ብንጠያይቅም፣ የማዘጋጃ ቤቱ ቆሻሻ መኪና አልወስድም ብሎናል።

፫. ይህ ከአደጋ በኋላ የሚቀር የፍርሃት ሕመም ስም እንዳለው፣ ከጦር ሜዳ ለተመለሱ ብቻ ሳይሆን ልባቸው ተመትቶ ለተረፉም እንደሚመጣ የነገረችኝ የእናንተው ነርስ ናት። ኮሪደር ላይ ቆማ በሹክሹክታ ስለነገረችኝ ስሟን አልናገርም፤ ደግ ሥራዋ ጉዳት እንዳያመጣባት እፈራለሁ። ወደ አእምሮ ሐኪም ይምሩልን ብዬ በካርድ ክፍሉ መስኮት ስጠይቅ ግን ባለሙያዎ ሁለት ጥያቄ ብቻ ጠየቁኝ፤ ሰው ይማታሉ? ልብሳቸውን ጥለው ይሄዳሉ? ሁለቱንም አይደለም አልኩ። «እንግዲያው ደኅና ናቸው፣ አብሽሪ» ብለው ሸኙኝ። አባቴ ለመሥሪያ ቤትዎ የሚበቃ እብደት ይዘው ባለመቅረባቸው በቤተሰቡ ስም ይቅርታ እጠይቃለሁ።

፬. አሁን የምነግርዎ ግን ቀልድ አይችልም። አባቴ ለክትትል ሦስት ጊዜ በራችሁ ድረስ መጥተዋል። ሦስቱንም ጊዜ የመድኃኒቱ ሽታ ሲመታቸው ትንፋሻቸው ቁርጥ ቁርጥ እያለ ተመልሰዋል፤ በሦስተኛው የበሩን ብረት ጨብጠው አልለቅም ስላሉ ከጥበቃው ጋር ሆነን ጣቶቻቸውን አንድ በአንድ አስለቀቅናቸው። ካርዳቸው ላይ «ቀጠሮ አላከበሩም» ተብሎ ተጽፎ ፋይላቸው ተዘጋ። ፋይል ከሌለ የሐኪም ማዘዣ የለም፤ ማዘዣ ከሌለ ደም የሚያቀጥነው ክኒን አይሰጥም። ክኒኑ ካለቀ ዛሬ አሥራ አንደኛ ቀኑ ነው። እኔ ፈርቻለሁ፤ ክፍል ውስጥ ሰሌዳ ላይ እየጻፍኩ ስልኬ በጠራ ቁጥር ጠመኔው ከእጄ ይወድቃል።

ስለዚህ የምለምንዎ ብዙ አይደለም። ፋይሉ ይከፈትና ክኒኑ ይታዘዝ። አባቴን የሚያዳምጥ አንድ ሐኪም ከበሩ ውጭ፣ ከግንቡ ጥግ ካለው ዛፍ ሥር ይምጣልን፤ መቀመጫውን እኔ አመጣለሁ። በዚያ ወረቀት ላይም «ገና ታማሚ ናቸው» የሚል አንድ መስመር በማኅተም ይጨመርበት፤ አባቴ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው ያለ ሐፍረት ይስገዱበት።

ውድ ጊዜዎን በአንድ ሙሉ በሙሉ በዳኑ ሰው ጉዳይ ስላባከንኩ ይቅርታዎን እየጠየቅሁ፣ ለሥልጣንዎ መርዘምና ለማኅተምዎ ቀለም አለመድረቅ ዱዓ የማደርግ፣ መልስዎንም ባለቀው ክኒን ፈንታ ቀን በመቁጠር የምጠባበቅ፣

አክባሪዎ
ፈውዚያ ሷሊህ
ከመካነ ሰላም

ማሳሰቢያ፦ ደብዳቤውን ለአባቴ አነበብኩላቸው። «ልጄ፣ አትቆጫቸው፤ ሰዎቹ እኮ ክፉ አይደሉም» አሉኝ። ልክ ናቸው። በዚያ ዙህር ከኋላቸው የነበሩትም ክፉ አልነበሩም፤ ሥርዓት አክብረው፣ ግንባራቸውን ደፍተው፣ ሰው እየሞተ ሱጁዱ ረዘመ ብለው የሚጠብቁ ጨዋ ሰዎች ነበሩ። እኔ ጥያቄዬ አንድ ነው፤ እናንተ ዘንድ ጀብሪል ማነው?